ፊልም የማታስጨርሰው ዳኛ

ፊልም አስጨርሶ የማያውቅ ሰው በየቤቱ አንድ አይጠፋም። እናንተም ቤት አለ፤ የለም ካላችሁ ራሳችሁ ናችሁ። አንዱን ሲያይ ሌላውን ካላነሳ ጉሮሮው ላይ የሚቀርበት ይመስለዋል። የአንዲት ልብስ ሰፊ ዕጣ ግን ከሁሉም የባሰ ነበር፤ የልጅነት ጓደኛዋ የእንዲህ ዓይነቶቹ ሁሉ የበላይ ጠባቂ ነበረች።

ክብርት ዳኛ ይሏታል። ፍርድ ቤት የገባችው በሕይወቷ አንድ ቀን ብቻ ነው፣ እሱም ዝናብ ለማምለጥ። ሥራዋ መነፅር መሸጥ ነው። ሳምንቱን የሰው ዓይን ስትለካ ትሰነብትና ቅዳሜ ከሰዓት ሱቋን ቆልፋ የልብስ ሰፊዋ ጓዳ ከተፍ ትላለች። እዚያ፣ በቁርጥራጭ ጨርቅ ክምርና በካውያው ጠረጴዛ መሃል፣ አንዲት ትንሽ ቴሌቪዥን አለች። የሚታየው ሁሌ አንድ ዓይነት ነው፤ ልጆች ተዋውቀው፣ አብረው አድገው፣ ተጣልተው ወይም ተለያይተው የሚያልቅ ፊልም። ሌላው ሁሉ፣ በክብርት ዳኛ ውሳኔ፣ ጊዜ ማባከን ነው።

ፊልሙ ተከፍቶ ልጆቹ ገና ስም ሳይጠያየቁ እጇን ታነሳለች።

«ቆይ ቆይ፣ አቁሚው እስቲ!»

ይቆማል።

«ይሄ ጥሩ ነው፤ ግን ከዚያኛው ጋር እንዳታወዳድሪው!»

ያወዳደረ የለም። ብቻዋን አወዳድራ፣ ብቻዋን ተከራክራ፣ ብቻዋን ትፈርዳለች። ከቤት በር ጀልባ የሠሩት ሁለት ወንዶች ልጆች ከአሥር ሰባት አገኙ፤ ጀልባዋ ስትሰምጥ አንዱ አንዱን ስላልወቀሰ። አንካሳ ውሻ ደብቀው ያሳደጉት ሴቶች ልጆች አምስት፤ «ውሻውን ነው እንጂ የሚወዱት፣ እርስ በርስ መች ተያዩ!» ድልድይ ሥር የተማማሉት ደግሞ በሁለት ወደቁ። መሐላ የሚያበዛ ልጅ፣ እንደ እሷ አባባል፣ ሲያድግ ከሃዲ ነው የሚሆነው።

አንድ ቅዳሜ የአንድ ሰዓት ተኩል ፊልም አራት ሰዓት ፈጀ። ልብስ ሰፊዋ የሦስት ደንበኛ ቀሚስ ቀምቅማ ጨረሰች፤ ልጆቹ ግን ገና አላደጉም።

«ኧረ በናትሽ አንዴ እንኳ ዝም ብለሽ እዪ!»

«ዝም ብዬ ምን ልሁን? ሐውልት ነኝ?»

እንዲህ ሲባባሉ ሃምሳ ዓመት ሆናቸው። በስምንት ዓመታቸው አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው ነው የተዋወቁት። ክብርት ዳኛ ያኔም የመምህራኑን የእጅ ጽሑፍ ስታወዳድር እየተያዘች ጥግ ላይ በቅጣት ትቆም ነበር።

ሰሞኑን ግን ልብስ ሰፊዋን እንቅልፍ የነሳት ሌላ ጉዳይ ነው። ሌላ ከተማ የሚኖረው ልጇ «እማዬ፣ እጅሽም ወገብሽም ደክሟል፤ ክፍል አዘጋጅቼልሻለሁ፣ ነይልኝ» አላት። እሺ አለችው። በወሩ መጨረሻ ትሄዳለች። ይህንን ለጓደኛዋ ሳትነግራት ሦስት ቅዳሜ አለፈ። ልትናገር አፏን በከፈተች ቁጥር «ቆይ ቆይ!» ይመጣል። እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ መቋረጡን እሷም ወደደችው። ነገሩን ለሚቀጥለው ቅዳሜ ታሳድረዋለች።

በአራተኛው ቅዳሜ፣ ፊልሙ ውስጥ አንደኛዋ ልጅ ሻንጣዋን ስታዘጋጅ፣ ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ ራሷ አቆመችው።

«አንዲት ሴት አለች» አለች፤ «እኔ» የሚለው ቃል አልወጣ ብሏት። «ልጇ ክፍል አዘጋጅቶ ጠራት። እሺ ብላ ልትሄድ ነው። የልጅነት ጓደኛዋን ትታ።»

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? ክብርት ዳኛ ወንበሯን አስጠጋች። ያላየችው ፊልም ተገኘ!

«ቆይ ቆይ። ምክንያቱ ደካማ ነው። በዚያኛው አባትየው ሥራ ተዛውሮ ነው፤ ልጅቷ ምን ምርጫ አላት? ይቺ ግን ትልቅ ሴትዮ! ለጓደኛዋስ መቼ ነገረቻት?»

«አልነገረቻትም። ሦስት ሳምንት ደበቀቻት።»

«ዜሮ!» ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። «ዜሮ ነው የምሰጣት! ምን ሆና ነው የደበቀቻት?»

«ፈርታ ነዋ። ጓደኛዋ ስታለቅስ ማየት አትችልም።»

«ተዋናይዋ ማናት? አውቃታለሁ?»

የልብስ ሰፊዋ እንባ ቀድሟት ያልተቀመቀመው ቀሚስ ላይ ወረደ።

ክብርት ዳኛ ቀሚሱን አየች፣ ጓደኛዋን አየች። መነፅሯን አውልቃ ጠረገች፤ መልሳ አደረገችው።

«መቼ ነው?» አለች።

«በወሩ መጨረሻ።»

ከዚያ በኋላ ምንም አላወዳደረችም። ልብስ ሰፊዋ ሃምሳ ዓመት ሙሉ የለመነችው ዝምታ ይኸው መጣላት። አስፈራት። እንዲህ ያለ ዝምታ ነበር እንዴ ስትመኝ የኖረችው?

«ልጅሽ ቤት ቴሌቪዥን አለ?» አለች ክብርት ዳኛ።

«አለ።»

«እንግዲያው ቅዳሜ ከሰዓት እደውላለሁ። እኩል እንከፍተዋለን፤ እኔ እዚህ፣ አንቺ እዚያ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ደግሞ አልረብሽሽም፤ እስኪያልቅ ትንፍሽ አልልም።»

ልብስ ሰፊዋ አፍንጫዋን በቁራጭ ጨርቅ ጠርጋ እጇን ያዘቻት።

«ዝም ካልሽማ ስልኩን ጆሮሽ ላይ ነው የምዘጋው!»