የመሃሉን ምሰሶ ማን ይያዝ

ጌታቸው፦ ወፍራሙ ጫፍ ወደ ታች ነው አልኩህ።

ከድሮ፦ ታች የቱ ነው?

ጌታቸው፦ መሬቱ ያለበት ነዋ።

ከድሮ፦ አሁን እኮ ተጋድሟል። ሁለቱም ጫፍ መሬት ላይ ነው።

ጌታቸው፦ ሲቆም ማለቴ ነው።

ከድሮ፦ ታዲያ ሲቆም አትነግረኝም? አሁን ምን አስቸኮለህ?

[ቡታጅራ፣ የዕድሩ ዕቃ ቤት ደጅ። ክረምቱ ወጥቷል፤ ድንኳኑ ሻጋታ ሳይበላው ፀሐይ ሊመታ ነው። ከሰዓት ደግሞ እዚያው ሥር ጠቅላላ ጉባኤ አለ። ጌታቸው የዕድሩ ዳኛ ነው፤ ጡረታ የወጣው ከመሥሪያ ቤቱ እንጂ ከማዘዝ አይደለም። ከድሮ በርበሬ ነጋዴ ነበር፤ ሱቁን ዘግቶ አሁን የዕድሩን ዕቃ ይጠብቃል። ነገር ቶሎ አይገባውም፣ ከገባው ደግሞ አይወጣለትም እያለ ጌታቸው ያማዋል። ምሰሶውን በየጫፉ ይዘው ጎንበስ ብለዋል፤ እስካሁን ግን ንቅንቅ አላለም።]

ጌታቸው፦ ከሰዓት የምናሳልፈውን ውሳኔ ሰምተሃል?

ከድሮ፦ ገና መች ተሰበሰብንና?

ጌታቸው፦ እኔ ጨርሻለሁ። እዚህ ሰፈር ያልተወለደ ሰው የዕድሩ አባል አይሆንም፤ የዕድሩን ዕቃም አይነካም። እነዚያ ብሎኬት ሠሪዎች አምና እንግባ ብለው ሲጠይቁ በይደር አቆየኋቸው። አሁን ነገሩ ይዘጋል።

ከድሮ፦ ምን አደረጉህ?

ጌታቸው፦ ምን ያላደረጉኝ አለ? ከየአገሩ ከነሚስት ከነልጆቻቸው መጥተው ሰፈሩን ሞሉት። ውሃው በፈረቃ ሆነ።

ከድሮ፦ እሱስ እውነት ነው። ውሃው አንሷል።

ጌታቸው፦ ጤና ጣቢያ ሄጄ ለደም ግፊቴ እስከ ቀትር ተሰለፍኩ።

ከድሮ፦ አብረን አልነበርን? ከፊትህ እኔ ነበርኩ፣ ከፊቴ ጸሐፊያችን፣ ከእሱ ፊት ገንዘብ ያዡ። ምልአተ ጉባኤው ሞልቷል ብለህ ስብሰባ ከፍተህ ነበር እኮ። ነርሷ ናት የበተነችን።

[ጌታቸው ይህን ረስቶት ነበር።]

ከድሮ፦ ግን አንተ የተወለድከው አረቅጥ አይደል?

ጌታቸው፦ እኔ ስመጣ ቦታ ነበር።

ከድሮ፦ አባቴ ግን "አንድ ጌታቸው የሚሉት መጣ፣ እንግዲህ ቦታም አይተርፈን" ይል ነበር። በኋላ ለመደህ።

ጌታቸው፦ ቁም ነገሩን አታስተኝ። ዋናው ስጋቴ ጡረታዬ ነው። ሰው ሲበዛ ተካፋይ ይበዛል። ሠላሳ ዓመት ከደመወዜ የተቆረጠ የገዛ ገንዘቤን ማንም ከየትም መጥቶ ሊሻማኝ ነው?

ከድሮ፦ የት ነው ያስቀመጡልህ?

ጌታቸው፦ አዲስ አበባ ነዋ።

ከድሮ፦ ይህን ሁሉ ዘመን ዝም ብሎ ተቀምጦ?

ጌታቸው፦ ተቀምጦ።

ከድሮ፦ እኔስ በጎረምሳነቴ ለዕድሩ የከፈልኩት የት ነው የተቀመጠው?

ጌታቸው፦ ያንተማ ያኔ ያረፉትን ሽማግሎች ቀበርንበት።

ከድሮ፦ ተበላ በለኛ።

ጌታቸው፦ ተበላ አይባልም፤ አገልግሎት ሰጠ ነው የሚባለው።

ከድሮ፦ ታዲያ እኔን በምን ልትቀብሩኝ ነው?

ጌታቸው፦ ከኋላህ በሚመጡት መዋጮ።

ከድሮ፦ [ምሰሶውን ለቆ ወደ ኋላው ዞሮ፣ ቆሞ ካየ በኋላ] ማንም የለም።

ጌታቸው፦ እንደዚያ ማለቴ አይደለም። አዲስ አባል ማለቴ ነው።

ከድሮ፦ መጨረሻ የገባው አባል ማን ነበር?

ጌታቸው፦ ሸረፋ ነዋ።

ከድሮ፦ ሸረፋን ባለፈው ወር ቀበርነው።

[ጌታቸው በልቡ አባላቱን አንድ በአንድ እያሰበ ከሁሉም በዕድሜ ትንሹን ሊያገኝ ይሞክራል። የሚመጣለት የገዛ ራሱ ፊት ነው፤ እሱም ሰባ ሊሞላው ምንም አልቀረው።]

ከድሮ፦ መንግሥትስ እንደ ዕድር ከኋላ የሚመጣ አይፈልግም? ከአስተማሪዋ ልጅህ ከሐና ደመወዝ ለጡረታ አይቆርጡም?

ጌታቸው፦ ይቆርጣሉ። እሱ የራሷ ነው፤ ስታረጅ ትወስደዋለች።

ከድሮ፦ እስከዚያ አዲስ አበባ ካንተ አጠገብ ይቀመጣል?

ጌታቸው፦ አንተ ሰውዬ፣ ምሰሶውን አንሳ።

ከድሮ፦ አምና አንደኛ ክፍል የሚገባ ልጅ ጠፋ ተብሎ የሐናን ክፍል ሊያጥፉት አልነበር?

ጌታቸው፦ ነበር። ዘንድሮ እግዚአብሔር ይመስገን ሞላ።

ከድሮ፦ በማን ልጆች?

ጌታቸው፦ ምሰሶውን አንሳ ነው የምልህ።

[እንደምንም ያነሱታል። ጌታቸው "የመሃሉን የሚይዝ የሚያውቅ ሰው ነው" ብሎ ከሸራው ሥር ይገባና ምሰሶውን በገዛ ትእዛዙ ወፍራሙን ጫፍ ወደ ታች አድርጎ ያቆመዋል። ከድሮ ከውጭ ገመዱን ይዟል። የሸራውን ቀዳዳ የሚይዘው ብረት ግን በወፍራሙ ጫፍ ላይ ነበር። ድንኳኑ ለአንድ አፍታ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ከዚያ ከነምሰሶው ተንዶ ዳኛውን ይውጠዋል።]

ከድሮ፦ ጌታቸው፣ የትኛው እብጠት ነህ?

ጌታቸው፦ [ከሸራው ሥር] ይኸው፣ እጄን እያወዛወዝኩ ነው።

ከድሮ፦ አየሁህ። ትንሽ ነህ ለካ። ተጎዳህ?

ጌታቸው፦ አልተጎዳሁም፤ ግን መነሳት አቃተኝ። ሰው ጥራ።

ከድሮ፦ እዚህ ሰፈር የተወለደ?

ጌታቸው፦ ማንንም ጥራ።

ከድሮ፦ ማንንማ አይሆንም። የዕድሩን ዕቃ አይነካም ብለሃል።

ጌታቸው፦ ገና አልጸደቀም።

ከድሮ፦ እኔ ጨርሻለሁ አላልክም? ቆይ፣ ልፈልግልህ።

[ይሄዳል። ሸራው ሥር ጨለማ ነው፤ ሻጋታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ጌታቸው ስንቱን ሐዘንተኛ ያስተዛዘነበት ድንኳን ለመጀመሪያ ጊዜ ከበደው። ከድሮ ተመልሶ ይመጣል።]

ከድሮ፦ ጸሐፊያችን ወገቡን ይዞታል። ገንዘብ ያዡ ማንሳት አልችልም፣ መጥቼ ልምከራችሁ ብሏል።

ጌታቸው፦ በዚህ ሰፈር የተወለደ ጎረምሳ ጠፋ?

ከድሮ፦ አሉ እንጂ። ያንተ ሄኖክ ጆሃንስበርግ ነው፣ የኔ ሳላሀዲን ጂዳ። ልደውልላቸው?

[ከድሮ እብጠቱ አጠገብ መሬት ላይ ይቀመጣል፤ ድምፁ ዝቅ ይላል።]

ከድሮ፦ አንድ ነገር ልንገርህ፣ አትሳቅብኝ። እኔ እፈራለሁ። እኛ ጋ ሬሳ አያድርም፤ ሳላሀዲን ቢበርም አይደርስልኝ። ማን እንደሚሸከመኝ ሳስብ ወላሂ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል።

ጌታቸው፦ እኔ አለሁልህ፣ ከድሮ።

ከድሮ፦ አንተ ሸራውንም አልቻልከው።

[ጌታቸውን ይህ ቃል አንጀቱን በላው። ከተናደደ ይሻለው ነበር፤ ንዴቱ ግን አልመጣለትም።]

ጌታቸው፦ በየለቅሶው ድንኳኑን የምትተክለው አንተ አይደለህ? ዛሬ ምን ነካህ?

ከድሮ፦ እኔ? በዚህ ጉልበቴ? ተክዬም አላውቅ። ብተክልማ ወፍራሙ ጫፍ ወደ ላይ መሆኑን አላውቅም ነበር?

ጌታቸው፦ ታዲያ ማን ነው የሚተክለው?

ከድሮ፦ ብሎኬት ሠሪው ነብዩና ጓደኞቹ ናቸዋ። ጡሩንባ ሲነፋ ሥራቸውን ጥለው ይመጣሉ፤ ድንኳኑን ተክለው፣ ወንበሩን ደርድረው ይመለሳሉ። አንተ ዘግየት ብለህ ትመጣና "ይህን ሁሉ ያደረግነው በገዛ ክንዳችን ነው" ብለህ ንግግር ታደርጋለህ።

ጌታቸው፦ ለምን አልነገርከኝም?

ከድሮ፦ አልጠየቅከኝማ። ንግግሩም ጥሩ ነበር።

[ሸራው ረጅም ትንፋሽ ይተነፍሳል።]

ጌታቸው፦ በቃ፣ ነብዩን ጥራው። ከሰዓት እኔው ራሴ አቀርባለሁ። ከነቤተሰባቸው አባል ይሁኑ።

ከድሮ፦ እሱ እንኳ አለፈበት። በይደር ስታቆያቸው ጊዜ የራሳቸውን ዕድር አቋቋሙ። ከሰዓት እነሱም ስብሰባ አላቸው። አጀንዳቸው እኛ ነን።

ጌታቸው፦ እኛ? እኛ ምን ሆንን?

ከድሮ፦ እንቀበላቸው ወይስ አንቀበላቸው ነው። "ሁሉም ሽማግሌ ናቸው፣ ከከፈሉት የሚወስዱት ይበልጣል፣ መዋጯችንን ይጨርሱብናል" የሚሉ አሉ። ነብዩ ግን እየተሟገተልን ነው።

ጌታቸው፦ ጉድ ነው። ተወልጄ ባደግኩበት ሰፈር እኔን ሊመርጡኝ?

ከድሮ፦ አረቅጥ?

[ከመንገዱ ማዶ የሰዎች ኮቴና ሳቅ ይሰማል።]

ጌታቸው፦ [ቀስ ብሎ] አንተንስ?

ከድሮ፦ እኔን አልሃምዱሊላህ ትናንት ተቀብለውኛል። ዕቃ ጠባቂ አድርገውኛል።

ጌታቸው፦ ስለ እኔስ አላነሱም?

ከድሮ፦ አንስተዋል። "ዳኛ አለን፣ ሌላ ምን ይችላል?" አሉኝ። ዛሬ መጥታችሁ እዩት አልኳቸው። ቅድም መጀመሪያ የጠራሁትም ነብዩን ነው፤ ይኸው መጡ።

ጌታቸው፦ እንዲህ ተደፍቼ ሊያዩኝ? ምን ልትላቸው ነው?

ከድሮ፦ [አቧራውን አራግፎ እየተነሳ] አንተ ብቻ አትንቀሳቀስ። የመሃሉን ምሰሶ ከውስጥ ሆኖ ይይዛል እላቸዋለሁ።