የሊቀ ጎዳና ሸረፈዲን የቀትር ቆጠራ

የከተማ ፕላን ከተማረ ሰው ጋር ሱቅ አይኬድም። ስኳር ልትገዙ ወጥታችሁ ስለ መንገዱ ስፋት፣ ስለ ቱቦው ጥልቀት፣ ስለ ባለሱቁ ሕገ ወጥ በረንዳ ተምራችሁ ትመለሳላችሁ። ስኳሩ እስክትደርሱ አልቋል።

በደርግ ዘመን ለእኛ ሰፈር የደረሰን ክቡር ሊቀ ጎዳና ሸረፈዲን ነበር፤ የጎረቤቴ ልጅ። ድሬዳዋ መጋላ ሰፈር ተወልዶ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ ለክረምት ሲመለስ ያደገበት ጠማማ መንገድ አላሳልፍ አለው። «ከተማ በዘፈቀደ አይኖርም፣ ጋሼ» ይለኛል በየማዕዘኑ ቆሞ። ከዚራ ሰፈር ስንደርስ ግን፣ ፈረንሳዮች በማስመሪያ ያሰመሩትን ጎዳና ሲያይ፣ መስጊድ እንደገባ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። የእናቱን የልብስ ማስጫ ገመድ ሳይቀር «የትራፊክ መሰናክል» ብሎ አስፈትቷታል።

የመመረቂያ ጥናቱ ደቻቱ ወንዝ ዳር ስላለው ጉሊት ነበር። አስተማሪው «ገበያ በሚደራበት በቀትር ቁጠር» ብለውታል። እሱም ጃንጥላውን ዘርግቶ ስምንት ሰዓት ላይ ተሰየመ። ድሬ፣ በስምንት ሰዓት! ሱቁ ዝግ፣ ወንዱ ጫቱን ይዞ በርጫ ላይ፣ ነጋዴዋ ጎመኗን በጆንያ ሸፍና ጥላ ፍለጋ የሄደችበት ሰዓት። የአዲስ አበባ ብርድ የአገሩን ሙቀት ከጭንቅላቱ አውጥቶበት ነበር። ያገኘው ፍየል ብቻ ስለሆነ «ቦታው ተጠቃሚ የለውም» ብሎ ጻፈ።

ይህ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጆሮ ደረሰ። ጉሊቱን አፍርሶ የሰልፍ ሜዳ ማድረግ የቆየ ምኞቱ ነበርና ወዲያው ለማግስቱ ስብሰባ ጠራ። ልጆቿን ጉሊቱ ላይ ባላት መደብ የምታሳድገው ቱሪያ ሸረፈዲንን መንገድ ላይ አገኘችው።

«አቦ ሸረፍ፣ እኔን ፍየል አረግከኝ?»

ጃንጥላውን ዝቅ አድርጎ አለፋት። በዚያው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እናቱ ሎሚ ግዛ ብላ ጉሊት ላከችው። ሕዝቡ እየገፋ ወዲያ ወዲህ ሲወረውረው አየሁት። ያለ ሎሚ፣ ያለ ጃንጥላ፣ ያለ ንግግር ተመለሰ።

በማግስቱ ስብሰባው እንደ ወጉ በሂስና ግለ ሂስ ተከፈተ። እኛም እንደ ልማዳችን «አርፍጃለሁ»፣ «በሰልፍ ላይ መፈክር ሳሰማ ድምፄን ዝቅ አድርጌያለሁ» እያልን ቀላል ቀላሉን ኃጢአት አዋጣን። ከዚያ ሸረፈዲን ተነሣ።

«ጓዶች፣ የቆጠርኩት በበርጫ ሰዓት ነው። ጥናቴ ስህተት ነው። ጉሊቱን በእኔ ወረቀት ማፍረስ አይቻልም።»

«መመረቂያህስ?» አለው ሊቀመንበሩ።

«ዓመት እደግማለሁ» አለ።

በዚያ ዘመን ስንት ግለ ሂስ ሰማሁ፤ እውነተኛው ያ ብቻ ነው። ጉሊቱ ተረፈልን፤ እሱ ግን የእውነት ደገመ። በሚቀጥለው ክረምት ወደ ማምሻው ሊቆጥር ሲመጣ ቱሪያ ከመደቧ ጎን በርጩማ አስቀመጠችለት።

«ይህ እኮ የእግረኛ መተላለፊያ ይዘጋል» አላት።

«አቦ ተቀመጥ!»

ተቀመጠ። እኔም እንደ ልጄ ወደድኩት።