ወንበሩን ጠብቅ

[ቺካጎ፣ ረፋድ ላይ። ሌሊቱን የጣለው በረዶ መንገድ ዳር የቆሙትን መኪኖች ሁሉ አንድ ዓይነት ነጭ ጉብታ አድርጓቸዋል። የማያውቀው ነገር የለም የሚባለው፣ ያውም ራሱ የሚለው፣ ካሲሚር አካፋ ይዟል። ነገር ቶሎ አይገባውም እየተባለ የሚታማው ጎረቤቱ ሉድቪክ የወጥ ቤት ወንበር ታቅፎ ቆሟል።]

ካሲሚር፦ ባልዲ አይሆንም አልኩህ! ባልዲ ማንም በእግሩ ይጠልዘዋል። ወንበር ግን ክብር አለው።

ሉድቪክ፦ ይሄ እኮ የምበላበት ወንበር ነው። ምን ላይ ልቀመጥ?

ካሲሚር፦ እዚሁ ላይ! በረዶውን የጠረገ ቦታው የሱ ነው፤ መኪናው ሄዳ እስክትመለስ ወንበር አስቀመጠበት ማለት አለቀ። የሰፈሩ ሕግ ነው። እኔ እጠርጋለሁ፣ አንተ ትጠብቃለህ።

ሉድቪክ፦ እንዲህ የሚያጣድፍህ ምንድን ነው?

ካሲሚር፦ አማቴ ናቸው! እኩለ ቀን ላይ በባቡር ይገባሉ። ባለፈው የገና በዓል ጣቢያ ትንሽ ባስጠብቃቸው፣ ተቀይመው እስከ ፋሲካ ከቤቴ አልወጡም። ዛሬ ብደግመው ሚስቴ ከበረዶው ጋር አብራ ነው የምትጠርገኝ።

ሉድቪክ፦ በመኪና ልትቀበላቸው ነው?

ካሲሚር፦ ኧረ በአህያ!

ሉድቪክ፦ እሱን አይደለም። መኪናህ እኮ...

ካሲሚር፦ ዝም ብለህ ተማር። ይሄ ሁሉ በረዶ ከየት እንደመጣ ታውቃለህ?

ሉድቪክ፦ ከላይ።

ካሲሚር፦ [አናቱን ይዞ] ከላይ ይለኛል! ከቴክሳስ ነው እንጂ! እዚያ ዝናብ ነበር። ሚዙሪ ላይ እንደወረደ እየረጋ መንገዱን መስታወት አደረገው። እኛ ጋ ሲደርስ ይኸው እንደ ዱቄት ተበተነ። ስንቱን አገር አካሎ ነው የመጣው! እኔ ቀድሜ ተናግሬያለሁ።

ሉድቪክ፦ ተናግረሃል። ለዚያም ብለህ መኪናህን...

ካሲሚር፦ ተማር አልኩህ!

[ይዝቃል። አማቱን ባሰበ ቁጥር አካፋው ይፈጥናል።]

ሉድቪክ፦ ግን ካሲ፣ ይቺኛዋ መሆኗን በምን አወቅህ? ሁሉም ጉብታ ነው።

ካሲሚር፦ ልጁን ብርድ ልብስ ቢያለብሱበት የማይለይ አባት አለ?

[ከበረዶው ሥር ቀይ ቀለም ብቅ ይላል።]

ሉድቪክ፦ ያንተ ግራጫ አልነበረችም?

ካሲሚር፦ ብርዱ ነዋ! ሰው ሲበርደው አፍንጫው አይቀላም?

ሉድቪክ፦ [አፍንጫውን እየዳሰሰ] እሱስ እውነትህን ነው።

[በሩ ላይ በረዶ ግግር ብሏል። ካሲሚር እየሮጠ ከቤት ሙቅ ውሃ አምጥቶ ያፈስበታል። ውሃውም እዚያው ይረጋል።]

ሉድቪክ፦ ይባስ ወፈረ።

ካሲሚር፦ መጀመሪያ ይኮራል፣ ኋላ ያፍራል።

ሉድቪክ፦ ስማኝማ፣ አንድ ነገር ልንገርህ...

ካሲሚር፦ ቁጭ በል! ወንበሩን ጠብቅ!

ሉድቪክ፦ እሺ። [ተቀምጦ፣ ከኪሱ ቋሊማ የገባበት ዳቦ አውጥቶ ይገምጣል።]

[ካሲሚር በሩን ፈልፍሎ ይጨርሳል። ወገቡን ይዞ እያቃሰተ ቁልፉን ይሞክራል። እምቢ ይለዋል።]

ካሲሚር፦ ቁልፉም በብርድ ተኮማትሯል።

ሉድቪክ፦ እስኪ በኔ ሞክረው።

ካሲሚር፦ አንተ ሰው፣ ባንተ ቁልፍ የኔ መኪና... [ይሞክራል። በሩ ወለል ይላል። ካሲሚር ቁልፉን፣ ከዚያ ቀዩን በር ያያል።]

ሉድቪክ፦ ጎበዝ! ተከፈተች።

ካሲሚር፦ ይቺ... ያንተ ናት?

ሉድቪክ፦ አዎ።

ካሲሚር፦ የኔስ?

ሉድቪክ፦ አጎትህ ቤት፣ ጣራ ሥር ናታ! በረዶ እንዳይነካት ብለህ ትናንት አስገባሃት። በዚህችው መኪና ተከትዬህ የመለስኩህ እኔው አይደለሁ?

ካሲሚር፦ ታዲያ ለምን አትነግረኝም?!

ሉድቪክ፦ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ተማር አልከኝ፤ ተማርኩ። ደግሞ እውነቱን ልንገርህ፣ ጠዋት የወጣሁት ወገቤን ስላመመኝ ጥረግልኝ ብዬ ልለምንህ ነበር። ሳልለምንህ ጀመርክ። እግዜር ይስጥህ።

ካሲሚር፦ [ሰዓቱን አይቶ] አለቀልኝ! አማቴ ደረሱ! አጎቴ ቤት በእግሬ እስክደርስ...

ሉድቪክ፦ አትጨነቅ፣ እኔ አመጣቸዋለሁ።

ካሲሚር፦ ተባረክ! በል እንሂድ።

ሉድቪክ፦ ቦታዬንስ ማን ይጠብቃል? ሕጉን ያስተማርከኝ አንተው ነህ።

[መኪናዋ ትነሳለች። ካሲሚር ወንበሩ ላይ ዝርፍጥ ይላል። በረዶው እንደገና ይጀምራል።]

ካሲሚር፦ ሉድቪክ! ምነው እሱ ሳይመጣ ቀረ ካሉህ ምን ትላቸዋለህ?

ሉድቪክ፦ [መስኮቱን ዝቅ አድርጎ] እውነቱን ነዋ። ቁጭ ብሏል እላቸዋለሁ።