ጋሽ ጓዳ እና ያልተነካው ሳሙና

እንግዳ ሁለት ዓይነት ነው፤ ሳሎን የሚቀመጥና ቀጥታ ጓዳ የሚገባ። የመጀመሪያውን ሰው ሁሉ ይወደዋል። ሁለተኛው የጤና ተቆጣጣሪ የሆነ እንደሆነ ግን ባለ ምግብ ቤት ሁሉ ገና ጥላውን ሲያይ መጥረጊያ ፍለጋ ይሮጣል።

የእኛን ሰፈር ተቆጣጣሪ በስማቸው የሚጠራቸው የለም፤ ክቡር ጋሽ ጓዳ ነው የምንላቸው። እሳቸው ሳይፈርሙ ምግብ ቤት አይከፈትም። ባለቤቱ አዲስ የተቀባ ግድግዳ ሲያሳያቸው እሳቸው ምድጃውን ያስገፋሉ። “የፊቱን ደንበኛ ያየዋል፤ እኔ የኋላውን ልይ” የምትለዋን አባባላቸውን የሰፈሩ ሕፃናት ሳይቀሩ ያውቋታል። የሰፈሩን ኬክ ቤት በአንዲት የሽንኩርት ልጣጭ ምክንያት ሁለት ሳምንት አዘግይተውታል። ኬክ ቤት ውስጥ ሽንኩርት ምን ይሠራል ነው ጥያቄያቸው። ምሳቸውን ከቤት ቋጥረው ነው የሚዞሩት። ባለ ሥጋ ቤቱ አንድ ቀን ውሃ ቢያቀርብላቸው ብርጭቆውን በእጅ ባትሪያቸው አብርተው አዩና መለሱለት አሉ።

ልጄ ሾርባ ቤት ልትከፍት የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሥራዋን ለቀቀች። “ሐሙስ እንከፍታለን” ብላ በሩ ላይ ለጠፈች፤ ካሮቱም አጥንቱም ማቀዝቀዣ ገባ። ጋሽ ጓዳ ረቡዕ ጠዋት መጡ። ካልፈረሙ ተራዋ የሚደርሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ ያ ሁሉ አትክልት ደግሞ ያን ያህል አይቆይላትም።

ምድጃውን አስገፉ፤ ንጹሕ ነው። መክተፊያውን አሽትተው መልሰው አስቀመጡት። ልጄ መተንፈስ ስትጀምር እጅ መታጠቢያው ጋ ደርሰው ቆሙ። ሳሙናው ላይ የታተመው አበባ እንኳ አልደበዘዘም። ፎጣውም ከነእጥፋቱ ተሰቅሏል።

“ይህን ቤት ስንት ቀን አጸዳችሁት?”

“ሦስት ቀን፣ ጋሼ” አለች ልጄ ኮራ ብላ።

“በሦስት ቀን እጁን የታጠበ ሰው የለም ማለት ነው?”

ልጄ ዞራ እኔን አየችኝ። ጥፋቱ የኔ ነበር። ለእሳቸው ክብር ብዬ ሳሙናውን ማንም እንዳይነካው አዝዤ፣ እኛ ጓሮ ካለው ባልዲ በልብስ ሳሙና ስንታጠብ ሰነበትን። ይህንኑ ሳልደብቅ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

“እማማ፣ እኔ እዚህ የምመጣው በዓመት አንዴ ነው። ታዲያ ሳሙናው ለማን ነው?”

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንደሚመለሱ ነግረውን ወጡ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ስናገር ያሳፍረኛል። ሳሙናው ሲታጠቡበት የሰነበተ እንዲመስል ጎረቤቱን ሁሉ ጠራሁ። ጫማ ጠጋኙ ሁለቴ ታጠበ፣ ልብስ ሰፊዋ እስከ ክርኗ። ፖስተኛው ደብዳቤ ሊያደርስ ገብቶ ታጥቦ ወጣ። በመሀል በመሀሉ እኔ አለሁ። ልጄ “እማዬ፣ ኧረ ተይ” ብትለኝ ብትለኝ አልሰማ ስላት፣ የጓሮውን ባልዲ ከነልብስ ሳሙናው ተሸክማ ለልብስ ሰፊዋ ሰጠቻት።

ጋሽ ጓዳ ሲመለሱ ሳሙናው ከረሜላ አክሏል። ፎጣውን ቢጨምቁት ውሃው ተንጠባጠበ። መዳፌን ገልብጠው የተጨማደዱ ጣቶቼን አዩ። ከንፈራቸው ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ ግን አልሳቁም። ወደ ጓሮ ወጡ።

“ባልዲውስ?”

“ሰጠሁት፣ ጋሼ። ከእንግዲህ መታጠቢያችን አንድ ነው፤ እዚሁ” አለች ልጄ።

ብዕራቸውን አወጡ። ስለ እኔ የሳሙና ዘመቻ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ፣ ባልዲው ስለተሰጠ ፈረሙ።

ሐሙስ በምሳ ሰዓት በሩ ተከፈተ። የገቡት ጋሽ ጓዳ ናቸው፤ ባትሪም የምሳ ቋጠሮም አልያዙም። ልጄ ደንግጣ የጓዳውን በር ብትከፍትላቸው፣ በእጃቸው “ተይው” ብለው ከፊት፣ ከመስኮቱ ሥር እንደ ማንኛውም እንግዳ ተቀመጡና ሾርባ አዘዙ። እኔን ጠርተው በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ሰጡኝ። ብፈታው ሳሙና ነው፤ አበባው ደብዘዝ ብሏል።

“አንዴ ታጥቤበታለሁ፣ እማማ” አሉኝ፣ “እንዳያስቀምጡት ብዬ ነው።”