ኪኒኔን ውጬ ስብሰባ ገባሁ

በአገራችን ሰውን የሚገድለው በሽታ ነው የሚሉ ሁሉ ስብሰባ ገብተው አያውቁም! በሽታማ ምን አደረገ? በሽታ ሐኪም አለው፣ መድኃኒት አለው፣ ጠበል አለው። ስብሰባ ግን ምን አለው? «ተጨማሪ አስተያየት ያለው እጁን ያውጣ» ብቻ! ይህን የምለው ስብሰባ ጠልቼ እንዳይመስላችሁ። በስብሰባ ምክንያት አንድ እግሬን መቃብር ከትቼ ያወጣሁ ሰው ስለሆንኩ ነው።

ነገሩ የሆነው ክልላችን ገና በተመሠረተ ሰሞን፣ እዚሁ አሶሳ ላይ ነው። ያኔ ሁሉም ነገር አዲስ ነበር። ክልሉ አዲስ፣ ቢሮው አዲስ፣ ማኅተሙ አዲስ፣ እኔም ከደብረ ማርቆስ ተዛውሬ የመጣሁ አዲስ የዕቅድ ባለሙያ! አሮጌ ነገር ቢኖር ወንበሮቹ ነበሩ። እነሱም ለሁላችን ስለማይበቁ ቀድሞ የደረሰ ይቀመጣል፤ የዘገየ «መስክ ወጥቷል» ይባላል። በዚህ ሁሉ አዲስ ነገር መሐል እኔ ምን ቢጨመርልኝ ጥሩ ነው? አዲስ በሽታ!

ውሃ ጥሙ አላስቀምጥ፣ ሽንቱ አላስተኛ ሲለኝ ሆስፒታል ሄድኩ። ጠረጴዛ የምንጋራው ባልደረባዬ አብዱልቃድር «ብቻህን አትሄድም» ብሎ ተከተለኝ። አብዱልቃድር የአሶሳ ልጅ ነው። ቤቱ በርታኛ፣ መስጊድ ዓረብኛ፣ ቢሮ አማርኛ ይናገራል። አማርኛችን ወንድና ሴት ስለሚያበዛበት «እናንተ ወንበሩንም ሴት ታደርጋላችሁ!» እያለ ይስቅብናል። እውነቱን ነው!

ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ቁጣዋ ግን የአሮጊት። «ስኳር አለብዎት» አለችኝ። «ሁለተኛው ዓይነት ነው። ለጊዜው መርፌ አያስፈልግዎትም፤ በኪኒን እንይዘዋለን። ጠዋት ጠዋት አንዷን ከቁርስ ጋር ይውጧታል። ውጦ ምግብ መዝለል የለም! አንድ ቀን ቢረሱ በማግስቱ ደርበው እንዳይውጡ። ተሻለኝ ብለው አያቁሙ፤ ለጎረቤትም አያካፍሉ። መጠጥም ይቅርብዎት። ድንገት ካላበዎት፣ ከተንቀጠቀጡ፣ ብርቱ ረኀብ ከተሰማዎት ስኳሩ ከልክ በታች ወርዷል ማለት ነው። ያኔ ቶሎ ስኳር በጥብጠው ይጠጡ፤ ከዚያ ምግብ ይብሉ።»

እኔ ግን «ስኳር አለብዎት» ከተባልኩ ወዲያ አልነበርኩም። ማሩን፣ ማንጎውን፣ ያንን ማንኪያ የሚያቆመውን ሻዬን... ተራ በተራ በሐሳቤ እየቀበርኩ ነበር። ጆሮውን አቁሞ የሚያዳምጠው አብዱልቃድር ነው።

ስንወጣ «ሰምተሃል አይደል?» አለኝ።

«ኪኒን መዋጥ ደግሞ ምን ትምህርት አለው!»

ከዚያ በኋላ ኪኒኔን በሥርዓት እየዋጥኩ፣ ቁርሴን በሥርዓት እየበላሁ ከረምኩ። ውሃ ጥሙም ለቀቀኝ። ይህን ጊዜ ነው የስብሰባ ጥሪ የመጣው። ርእሱ «የሥራ ሰዓትን በአግባቡ ስለ መጠቀም»። ልክ በሁለት ሰዓት ተኩል ይጀመራል፤ ሻይና ዳቦ ተዘጋጅቷል። እኔም አመንኩ! እስቲ አሁን እናንተ ብትሆኑ ታምናላችሁ?

ጠዋት ባለቤቴ አልማዝ በር ላይ ያዘችኝ። «ገንፎው እኮ ደርሷል! ቀመስ አድርግ።»

«ረፍዷል። እዚያ ሻይ ዳቦ አለ።»

«እንግዲያስ ኪኒኑንም እዚያ ዋጠው።»

«ሰው ፊት ኪኒን? በሽተኛ ነው ብለው የታሰበልኝን ሹመት ይንፈጉኝ?»

«በል ይህቺን ዳቦ ኪስህ ክተታት...»

«የዕቅድ ባለሙያ ኪሱ በዳቦ አብጦ! አንቺ ደግሞ!»

ኪኒኗን ዋጥኩና በረርኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ግን የምለቅመውም አላገኘሁም!

አዳራሹ ስደርስ ዳቦው አለ። ሻዩም አለ፤ ስኳሩም አለ። ሁሉም በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ የሻዩን መስተንግዶ የያዙት ወይዘሮ የሺ አጠገቡ እንደ ዘበኛ ቆመዋል። ለካስ የክብር እንግዳው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ይመጣሉ፤ ወሩ ደግሞ ሐምሌ ነው፤ አሶሳን ደመና ውጧታል። የቢሮ ኃላፊው «እንግዳችን ደመናው ላይ ናቸው፤ በትዕግሥት እንጠብቅ» አሉ። እንግዳው ካልመጡ ስብሰባው አይከፈትም፤ ስብሰባው ካልተከፈተ ሻይ አይቀዳም። እስከዚያው ግን ጊዜ እንዳይባክን ብለው ኃላፊው ራሳቸው ስለ ጊዜ ጥቅም መናገር ጀመሩ። ጀመሩ ነው የምላችሁ... መጨረሱንስ ማን አየ?

መጀመሪያ ላቡ መጣ። በዚያ ብርድ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጠፈ። ቀጥሎ እጄ መንቀጥቀጥ፣ ልቤ መደለቅ ጀመረ። ረኀቡማ አይነሣ! ከሁሉ የባሰው ግን ንዴቱ ነው። ኃላፊው አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር ዳቦውን እየበሉብኝ መሰለኝ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንዲሉ፣ እኔው ብድግ ብዬ ኖሯል፦

«ሰዓት ሰዓት የምትለው ሰውዬ! ሰዓትህን ራስህ ብላው! ዳቦውን ወዲህ በል!»

ልብ በሉ፣ ኃላፊውን ነው «አንተ» ያልኳቸው! ከዚያ ከኋላ ወንበር ሞቅ ያለ ጭብጨባ! ኃላፊው ጉሮሯቸውን ጠራርገው «አስተያየቱ ገንቢ ነው፤ ግን በተራ ይሁን» አሉ። አንዱ ደግሞ «በጠዋቱ ቀማምሷል» ሲል ሰማሁት።

እኔ ግን ወደ ጠረጴዛው እየተንገዳገድኩ ነው። «ስኳር... ስኳር ስጡኝ...»

«የክብር እንግዳው ሳይመጡ ጨርቁ አይነሣም ተብያለሁ!» አሉ ወይዘሮ የሺ።

ይህን ጊዜ የሒሳብ ክፍሉ ተሾመ ከመሐል ጮኸ። «ኧረ ስኳር በሽታ አለበት! ስኳር እንዳትሰጡት፤ ይሞትባችኋል!»

አያችሁ? ሹመት እንዳያስቀርብኝ ብዬ የደበቅኩትን በሽታ ለካ ቢሮው ሁሉ ያውቀዋል! ወይዘሮ የሺ የስኳሩን ዕቃ ደረታቸው ላይ አቀፉት። «እጄን በሰው ደም አላስነካም!» የሚያድነኝ ነገር ክንድ ባይርቅም፣ አዳራሹ ሙሉ ሰው ሊያድነኝ ብሎ ይከለክለኛል። ልናገር ብል ምላሴ ተሳሰረ። ዓይኔ ጨለመ፤ ወለሉ ላይ ተዘረርኩ። እዚህ ላይ ቀልድ የለም፤ የምሞት መሰለኝ። አልማዝ ገንፎውን ከድና ስትጠብቀኝ ታየችኝ።

አብዱልቃድር ወንበር ዘሎ ደረሰ። «ሱከር ስጠው!» አላቸው ወይዘሮ የሺን።

«በሽታ አለበት እኮ!»

«ወላሂ እኔ አውቃለሁ! ዶክተሯ ሲናገር ሰምቻለሁ! ደዋውን፣ ኪኒኑን ውጦ አልበላም፤ ሱከሩ ወረደች! ስጠው!»

ወይዘሮ የሺ ወንድ መደረጋቸውን ማንም አላረመም። አብዱልቃድር ዕቃውን ነጥቆ በውሃ በጠበጠና ፊቴን ደግፎ ያዘ። «መዋጥ ትችላለህ?» ራሴን ነቀነቅኩ። ጠጣሁ። ቆይቶ ጣሪያው ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ሁለት ሆኖ ይታየኝ የነበረው የኃላፊው ራስም አንድ ሆነ። ከዚያ ዳቦ አጎረሰኝ። በመጨረሻም እንግዳውን ሊቀበል በታጠበው መኪና ሆስፒታል ወሰዱኝ። ክብሩ ለእኔ ተረፈ!

ዶክተሯ ስኳሬን ለክታ ስታበቃ «ይህ ኪኒን ቶሎ አይለቅም፤ ስኳሩ ተመልሶ ሊወርድ ይችላልና እዚሁ ያድራሉ» አለች።

«ሁለተኛ ያንን ኪኒን ብውጥ እኔ ሰው አይደለሁም!»

«ኪኒኑ ምን አደረገዎት? እርስዎ ነዎት ቁርስ የዘለሉት! ከቁርስ ጋር አልኩ እንጂ ከስብሰባ ጋር አልኩ?»

ብርድ ልብሱን ተከናነብኩ።

ከሰዓት በኋላ ጠያቂ ጎረፈ። ስኳር ከሞት አዳነው የሚለው ወሬ ከተማውን አዳርሷልና፣ ማርም ሐላዋም ማንጎም ያልያዘ አልመጣም። ዶክተሯ ብታይ ጊዜ ራሷን ይዛ «በስኳር ማነስ አልሞት ቢሉ በመብዛት ሊገድሉዎት ነው!» አለች። አልማዝ ሁሉንም ጠቅልላ ለአስታማሚዎች አደለች። ዓይኔ እያየ!

ማምሻውን ተሾመ መጣ። እጁ ባዶ ነው። ወዲያ ወዲህ ገልመጥ ብሎ በሩን ዘጋና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ይቅርታ ሊጠይቅ ነው ብዬ ፊቴን አሳዘንኩ።

«ሠራተኛው በሙሉ ምስጋናውን አቅርብልን ብሎኛል» አለ በሹክሹክታ።

«የምን ምስጋና?»

«አንተ ስትወድቅ ስብሰባው ተበተነ! ይህ ቢሮ ከተቋቋመ ወዲህ ከምሳ በፊት ያለቀ ስብሰባ ይህ የመጀመሪያው ነው።» እጄን በሁለት እጁ ጨበጠ። «ለሳምንት ደግሞ የሙሉ ቀን ተጠርቷል... እባክህ ወንድሜ፣ በወለደችህ፣ ቁርስህን ሳትበላ ና!»