ባዶውን የተለቀቀው ደጋን

አንድ ጊዜ ስንጥቅ በጥፍር ቀለም ሸፍኜ፣ «እንከን የለውም» ብዬ ሸጫለሁ። ነገሩን ከመጀመሪያው የተናዘዝኩት ደፋር ሆኜ አይደለም። ወደ መጨረሻ ካቆየሁት ሳልናገረው ወጌ እንደሚያልቅ ስለማውቅ ነው። ራሴን አውቃታለሁ፤ አርባ ምናምን ዓመት አብረን ኖረናል።

እዚህ ጅቡቲ የፈረንጅ ቤት መጋረጃ ሲወርድ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። መጋረጃ ወረደ ማለት የሰውየው የሥራ ዘመን አልቋል፣ ቤተሰቡ ሊሄድ ነው፣ ዕቃው ሊሸጥ ነው ማለት ነው። ዕቃውን የምንሸጠው ግን እኛ ነን፤ ቤቱን ስናጸዳ የኖርን ሐበሾች። ገዢ መጥቶ ፍሪጁን ከፍቶ አያይም። የሚያየው ሠራተኛዋን ነው። «አንቺ ምን ትያለሽ?» ይላል። «ደህና ነው» ካለች ደህና ነው፤ «እ...» ብላ ከጎተተች ጥሎት ይሄዳል። በዚህ ከተማ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጠው በሠራተኛ ምላስ ነው። የእኔ ምላስ ደግሞ የተመሰገነ ነበር። አንዴ ስለ አንድ ቬንትሌተር «ይሄ ወር አይቆይም» ብዬ በሦስተኛው ሳምንት ተቃጠለ። ከዚያ ወዲህ ሰፈራችን ካርቲየ ስድስት ውስጥ ቃሌ እንደ ማኅተም ይታይ ጀመር። ማኅተም ደግሞ ምን ላይ እንደሚያርፍ አይመርጥም።

የምሠራበት ቤት ባልየው፣ በፈረንሳይኛ «ጌታው» ለማለት ሙሴ እንለው የነበረው፣ አንድ ደጋን ነበረው። ደጋን ስላችሁ ምን መጣባችሁ? እኔ አገር ቤት ሳለሁ የማውቀው እናቴ ጥጥ የምትነድፍበትን ነው። ጅማቱን ትስባለች፣ ትለቃለች፤ ድው፣ ድው፣ ጥጡ እንደ ደመና ይበተናል። የዚያ ደጋን ሥራው ባዶውን መለቀቅ ነው። የሙሴው ሌላ ፍጥረት ነበር፤ ጥቁር ወገብ፣ ሁለት አጫጭር ክንፎች፣ በየክንፉ ጫፍ ትንንሽ መዘውሮች፤ ገመዱ በመዘውሮቹ ዙሪያ ሄዶ ይመለሳል። ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ወለል ስወለውል ያየኝ ነበር። ያየኝ ነበር ማለቴ ያስቃችሁ ይሆናል። ነገር ግን ገመዱ መካከል ላይ ዐይን የምታህል ቀለበት ነበረችበት፤ ማነጣጠሪያ ናት አሉ። ወደ የትኛውም ጥግ ብዞር ወደ እኔ ያየች ይመስለኛል።

ሙሴ ዘወትር አርብ ግቢው ውስጥ ፍላጻ ይወረውር ነበር። ለልጆቹ ሁልጊዜ የሚደጋግመው አንድ ሕግ ነበረው፤ ይሄን ደጋን ባዶውን ስበው አይለቁትም። ፍላጻ ካለ ኃይሉን ይዞት ይሄዳል፤ ከሌለ ኃይሉ ወደ ደጋኑ ይመለስና ክንፉን ይሰነጥቀዋል። የተሰነጠቀ ክንፍ አንድ ቀን የሳበው ሰው ፊት ላይ ይፈነዳል፤ ዐይን ይዞ ይሄዳል። እኔ ልብስ እያሰጣሁ እሰማለሁ። ፈረንሳይኛዬ ለዚህ አታንስም ነበር፤ ስለዚህ አላወቅኩም ማለት አልችልም። ጆሮዬ ያውቅ ነበር። እጄ ግን የእናቴን ደጋን ነው የሚያውቀው።

አንድ ቀን ቤተሰቡ ባሕር ዳርቻ ሄዶ ብቻዬን ቀረሁ። በበጋ ከቀትር በኋላ ጅቡቲን ያየ ያውቀዋል፤ ከተማው በሙሉ በር ዘግቶ ይተኛል፣ ጎዳናው ላይ የራስህ ጥላ እንኳ አይከተልህም። መብራት ሄደ። ክሊሙ፣ የአየር ማቀዝቀዣውን እዚህ እንዲያ ነው የምንለው፣ ተንፍሶ ዝም አለ። በረሃውን አቋርጦ የመጣው ነፋስ በበሩ ሥር ገብቶ የደጋኑን ገመድ ነካው። ገመዱ ዘፈነ። በጣም ቀጭን ድምፅ ነው፤ አፉን ዘግቶ የሚያንጎራጉር ሰው ይመስላል።

ዝም ላሰኘው ብዬ ነው ያወረድኩት። እንዲያ እላለሁ እንጂ እውነቱ ልስበው ነበር። ሳብኩት፤ እምቢ አለ። እግሬን ከፍቼ በጀርባዬ ሳብኩት። መሐል ሲደርስ፣ አምላኬን፣ ክብደቱ በድንገት ጠፋ። ከኋላዬ የቆመ ሰው እጁን በእጄ ላይ አድርጎ ገመዱን የያዘልኝ ያህል ቀለለኝ። ያች ቀለበት ዐይኔ ፊት መጥታ ቆማለች። መዘውሮቹ ከመሐል በኋላ ክብደቱን እንደሚሸከሙ፣ ደጋኑ የተሠራው እንዲያ እንደሆነ ኋላ ተረዳሁ። ያን ጊዜ ግን የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ።

ለቀቅኩት።

ጩኸቱ የራስ ቅሌ ውስጥ የተዘጋ በር ነበር። ከዚያ ጸጥታ። ከጸጥታው በኋላ አንዲት ትንሽ ድምፅ፤ ጠቅ።

ከታችኛው መዘውር ሥር ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አየሁ። የሙሴ ሚስት ማዳም ለአንድ የልጆች ድግስ ብቻ የተቀባችው ጥቁር የጥፍር ቀለም ነበራት። አንድ ጠብታ በቃች። ስንጥቋ ጠፋች። በማግስቱ መብራት ሲሄድ፣ ክሊሙ ዝም ሲል፣ ከግድግዳው ላይ ጠቅ አለ። በሦስተኛውም ቀን። ስንቅና ሐሰት እያደር ይቀላል ይላሉ አባቶች። የስንቁን አላውቅም።

ሙሴ ደጋኑን ዳግም ሳይነካው ወደ ሌላ አገር ተዛወረና ቀድሞ ሄደ። መጋረጃው ወረደ። ማዳም «ሸጠሽ ጨርሺው» አለችኝ። ደጋኑን ማንም አይገዛም ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር፤ እንዲህ ያለ ሞኝ ተስፋ የሚያምርብኝ ሴት ነኝ። ጋሽ ሽመልስ መጣ።

ጋሽ ሽመልስ የአዲስ አበባና የጅቡቲን መንገድ በተሳቢ መኪና ሲመላለስ ያረጀ ሾፌር ነው። ወደብ ላይ ጭነት ሲጠብቁ ቀናት ያልፋሉ፤ ጓደኞቹ መኪና ሥር ጥላ ውስጥ ጫት ይቅማሉ። እሱ ሐኪም ከልክሎት ጫት ትቶ ነበር።

«እጄ ሥራ ፈታ ወርቄ» አለኝ። «ፈረንጆቹ አምቡሊ ደረቁ ወንዝ ውስጥ ሲወረውሩ አየሁ። ሠላሳ ዓመት ቁጭ ብዬ ኖርኩ፤ እስቲ ደግሞ ቆሜ አንድ ነገር ልምታ።»

የጀማሪ ነገር! ገመዱን እንደ ክራር ደረደረው፣ መዘውሮቹን እንደ ጎማ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረጋቸው፣ እንደ ጠመንጃ አንድ ዐይኑን ጨፍኖ በወገቡ በኩል አየ። ከዚያ ሳበው። ደጋን የሚለካው በባለቤቱ ክንድ ነው፤ ሙሴ ደግሞ ቀውላላ ነበር። ከእሱ ለሚያጥረው ለጋሽ ሽመልስ ግን ልክክ አለለት፤ ለእሱ የተሰፋ እስኪመስል። ጥቁሯ ጠብታ ከጉንጩ ብዙም አልራቀችም። ጣቶቹ ሲላሉ አየሁ።

«አይልቀቁት!» ብዬ ጮህኩ።

ቀስ አድርጎ መለሰው። «ምነው? ምን ሆንሽ?»

«ባዶውን አይለቀቅም። ክንፉ ይሰነጠቃል።»

«ወይ አንቺ!» አለ በአድናቆት። «ይሄን ሁሉ ታውቂያለሽ? እንግዲህ ምስክሬ አንቺ ነሽ። እንከን አለው?»

አያችሁልኝ? ያስተማርኩት ሕግ ራሴ ያፈረስኩትን ነው፤ ያመነኝም በዚያው ሕግ ነው። ማዳም በር ላይ ቆማለች። ካርቲየ ስድስት በሙሉ ጀርባዬ ላይ የቆመ መሰለኝ።

«የለውም» አልኩ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ደጋኑ ሄደ፤ ድምፁ ግን ቀረ። የራሴን ትንሽ ሱቅ ከፍቼ ስቀመጥ፣ ከቀትር በኋላ መብራት ሲሄድ፣ ከባዶ ግድግዳዬ ጠቅ ይላል። በየሁለት ሳምንቱ ብቅ ይል የነበረው ጋሽ ሽመልስ ወር ቀረ። ሁለት ወር ቀረ። የሾፌር መኪና በሱቄ ፊት በቆመ ቁጥር ከሚወርደው ሰው ፊት ላይ መጀመሪያ የማየው ዐይኑን ሆነ። አንድ፣ ሁለት። እቆጥራለሁ።

በሦስተኛው ወር መጣ። አንድ፣ ሁለት፤ ሁለቱም ዐይኖቹ አሉ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ሰላምታውን እንኳ ሳልመልስ ሁሉንም ዘረገፍኩለት፤ ቀትሩን፣ ስንጥቋን፣ ቀለሙን።

ጋሽ ሽመልስ እጁን አንስቶ ቀኝ ጉንጩን ዳበሰ፤ ስንት መቶ ጊዜ ያንን ነገር እዚያ ስቦ አቁሞታል!

«እና ጠቅ የምትለው እሷ ነበረች?» አለ።

«እርስዎም ሰሙት?»

«በሳብኩት ቁጥር። መኪናው ውስጥ ሰቅዬው እንኳ ፀሐይ ሲበርድ ጠቅ ትላለች። እኔ እኮ ዛር መስሎኝ ሸጥኩት!»

«ለማን?»

«አዋሽ ላይ ጎማ ስቀይር ለመጣ መንገደኛ። ስሙን አልጠየቅኩም፣ ስልኩንም አልያዝኩም። እሱም እንደ እኔ ጀማሪ ነው። መነጽሩን አወለቀና ስቦ አየው።»

«ስለ ድምፁ ነገሩት?»

«ዛር አለበት ብዬ? ማን ይገዛኛል ታዲያ!» አለና ሊስቅ ጀምሮ ተወው። መሬት መሬት እያየ ጨመረ፤ «እንከን አለው ወይ ብሎ ጠይቆኛል። ስምሽን ጠራሁለት። ጅቡቲ ያለች አንዲት ሐቀኛ ሴት መስክራለታለች አልኩት።»

ከግድግዳው ጠቅ ሲል እሱም ቀና ብሎ አየ።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ሽመልስ አዋሽ በደረሰ ቁጥር መነጽር ያደረገ ሰው ይፈልጋል። እስካሁን አላገኘውም። ለእኔ የቀረኝ መንገድ ይህ ወግ ብቻ ነው።

ስለዚህ ያገለገለ ባለመዘውር ደጋን የገዛችሁ ካላችሁ፣ ወይም የገዛ ሰው ካወቃችሁ፣ የታችኛውን ክንፍ ከመዘውሩ ሥር እዩት። ጥቁር ጠብታ ካለች በጥፍራችሁ ፋቋት። ከሥሯ ፀጉር የምታህል ነገር ካያችሁ ደጋኑን አትሳቡት፤ ሰባብራችሁ ጣሉት፣ ለሌላም አትሽጡት። የመሰከረችለት ሐቀኛ ሴት እኔ ነኝ። ዐይናችሁ ደህና ከሆነም፣ ካልሆነም፣ እባካችሁ ይቅር በሉኝ።