ሁለት እሁድ ብቻ የቀራቸው ኢንጂነር

በአገራችን አራት ፎቅ ያለው ቤት ሁሉ ሦስት የጋራ ንብረቶች አሉት፤ አንድ ቆጣሪ፣ አንድ መሰላልና አንድ ኢንጂነር። ቆጣሪው ይቆጥራል፤ መሰላሉ ሲፈለግ አይገኝም፤ ኢንጂነሩ ደግሞ መኖሪያ ቤቱ ውስጥ አሮጌ ሞተር ሳይክል ይሠራል። የሚጠራጠር ካለ ወደ ራሱ ደረጃ ሥር ወርዶ ያሽትት። ቤንዚንና የዛገ ብረት ካልሸተተው፣ ቤቱ ገና ሰው አልገባበትም ማለት ነው።

ኢንጂነር ለመባል ምህንድስና መማር አያስፈልግም። የእኛው ክቡር ኢንጂነር ሉቦር ሃናክ ሠላሳ አንድ ዓመት ያገለገሉት እዚሁ ሊቶቬል ከተማ፣ ዳቦ ቤት ውስጥ፣ ምድጃ ፊት ቆመው ነው። ማዕረጉን የሰጠናቸው እኛ ጎረቤቶች ነን። ጡረታ በወጡ በሦስተኛው ቀን፣ በሁለት ጆንያና በአንድ የሕፃን ጋሪ የተበታተነች የ1953 ያቫ ሞተር ሳይክል ይዘው ሲገቡ ነው የሾምናቸው። ያገኟት ከአንድ ገበሬ ጓሮ ሲሆን፣ ለብዙ ዓመት ዶሮ ሲያድርባት ኖራለች። እሳቸው ሞተር ሳይክል አየሁ ይላሉ፤ እኔ ያየሁት ዝገትና ላባ ነበር።

“ጎረቤት፣” አሉኝ ያን ቀን፣ ላባውን ከቤንዚን ሰርባቶዮው ላይ እየለቀሙ፣ “ሁለት እሁድ ብቻ ነው የቀረኝ።”

ከዚያ ወዲህ አምስት ዓመት አለፈ። በአምስት ዓመት ውስጥ ከሁለት መቶ ስድሳ በላይ እሁድ አለ፤ እኔ በጆሮዬ ቆጥሬያቸዋለሁ፣ ምክንያቱም የእሳቸው ሳሎንና የእኔ መኝታ ቤት በአንድ ግድግዳ ይዋሰናሉ። እሳቸው አንድ ቡሎን በመዶሻ በነኩ ቁጥር እኔ ጋ ያለው የሰርጌ ፎቶግራፍ ወደ ግራ ይዘማል። ጠዋት አቃናዋለሁ፣ እሳቸው ማታ ያዘሙታል። እንዲህ እየተባባልን ኖርን።

የክቡርነታቸው ሁለተኛ አባባል “ፋብሪካው ቸኩሎ ነው” የሚል ነው። በእሳቸው እምነት ያቫን የሠሯት ሰዎች ጎበዞች ነበሩ፣ ግን አውቶቡስ ሊያመልጣቸው ነበር። ስለዚህ እሳቸው ረጋ ብለው ይጨርሱላቸዋል። የመሪው እጀታ እጅ አይሞላም፤ ፋብሪካው ቸኩሎ ነው። ዳቦ ቤቱ ሲሸኛቸው በስጦታ የሰጣቸውን የሊጥ መዳመጫ ለሁለት ቆርጠው እጀታ አደረጉት። የፊት መብራቱ ለጠጠር የተጋለጠ ነው። ዱቄት ይነፉበት የነበረውን ወንፊት አለበሱት። ሞተሩን አምስቴ ፈትተው አምስቴ ሲገጥሙት ደግሞ በየጊዜው ሦስት አራት ዳዶ ይተርፋል። ትርፉን በአንድ የኮምጣጤ ኪያር ማሰሮ ውስጥ ያጠራቅማሉ። ምን እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ ፋብሪካው ሲቸኩል አብዝቶ ጨምሮ ነው አሉኝ።

ይህን ሁሉ የምትችለው ባለቤታቸው ወይዘሮ ሚላዳ ናት። ሚላዳ ረጋ ያለች፣ ቁመቷ አጠር ያለ፣ ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ ሰምቻት የማላውቅ ሴት ናት። ሰው ሁሉ የሚፈራትም ለዚህ ነው። ኢንጂነሩ ሾርባ እየጠጡ የሞተሩን የጥገና መጽሐፍ ምዕራፍ በምዕራፍ ያነቡላታል፤ እሷም ድንች እየላጠች “እሺ” ትላለች። እንደማትሰማ እናውቅ ነበር፤ ወይም እናውቃለን ብለን እናስብ ነበር።

አንድ ቀን ግን ትዕግሥቷ አለቀ። ለካ ኩሽኔታ ቦታው ላይ እንዲቀመጥ የሞተሩ የአሉሚኒየም ቤት በእሳት መስፋት፣ ኩሽኔታው ደግሞ በቅዝቃዜ መኮማተር አለበት። ይህ ለአንድ ዳቦ ጋጋሪ ምን የተለየ ነገር ነው? ኢንጂነሩ የአሉሚኒየሙን ቤት ምድጃ ውስጥ ከፕለም ኬኩ ጎን ከተቱት፤ ኩሽኔታዎቹንም ፍሪዘር ውስጥ፣ ሚላዳ ለእንግዶች ጠቅልላ ካስቀመጠቻቸው ድብልብል ሊጦች መካከል። ብረቱ ውስጥ የተረሳው የአርባ ዓመት ዘይት ቀለጠ። እህቷ ከኦሎሞውትስ መጥታ ስለነበር፣ በይሉኝታ ሁለት ቁራሽ ኬክ በላች። ከድብልብሎቹም አንዱ ድስት ውስጥ ሲወርድ ቅጭል አለ። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ሚላዳ አዋጅ አወጣች፦ ከእንግዲህ በምድጃዬ ብረት አይገባም። አዋጁ ለሦስት ዓመት ሳይጣስ ጸንቷል።

ያለፈው ገና ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ኢንጂነሩ ለያቫዋ የጎን ጋሪ አገኙላት። ጋሪው የደረጃውን መግቢያ ሞላው። መቀመጫ አልነበረውም (ፋብሪካው ቸኩሎ ነው)፣ ስለዚህ ከሳሎናቸው ባለ መደገፊያውን ወንበር እግሩን ቆርጠው ገጠሙለት። ሚላዳ ከገበያ ስትመለስ ወንበሯን እዚያ አገኘችው። እኔ ደብዳቤ ሳጥኔን ልከፍት ወርጄ ነበር፤ ተመልሼ ለመውጣት ግን ጊዜ አልሰጠችኝም።

“ሉቦር፣” አለች ቀስ ብላ፣ “ለገና ዋዜማ እራት ስንቀመጥ ይቺ ሞተር ተነስታ መንገድ ሄዳ ካልተመለሰች፣ በዓሉ ሲያልፍ ከነጋሪዋ ለቁራሌ እሰጣታለሁ። ጎረቤት ምስክር ነው።”

ኢንጂነሩ ካሌንደሩን በጣታቸው ቆጠሩ። ከዚያ ቀን እስከ ዋዜማው የቀሩት እሁዶች በትክክል ሁለት ነበሩ። በአምስት ዓመት ውስጥ የካሌንደሩና የእሳቸው ስሌት የገጠመው ያን ቀን ብቻ ነው። ፈገግ ብለው “ይበቃኛል” አሉ፤ ከንፈራቸው ግን ነጣ።

እንግዲህ ወደ መታጠቢያ ገንዳዬ ጉዳይ ልመጣ ነው። ገና ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው በየቤታችን አንድ ካርፕ ዓሣ በሕይወቱ ይገዛና ጭቃው እንዲለቀው እስከ ዋዜማው መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ይዋኛል። ሚላዳም ገዝታ መጣች። የእነሱ ገንዳ ግን ከኅዳር ጀምሮ ተይዟል፤ ኢንጂነሩ ከስኳር ፋብሪካ ባመጡት ጥቁር ሞላሰስ ሞልተው የያቫዋን ሁለት የጭቃ መከላከያ ፓራፋንጎ ነክረውበታል። ሞላሰስ ዝገት ይበላል፣ ቀስ ብሎ ነው እንጂ። ትንሽ ቆይቶ በሬ ተንኳኳ። ኢንጂነሩ በእርጥብ ፎጣ የተጠቀለለ የሚንፈራገጥ ነገር ታቅፈው ቆመዋል።

“ጎረቤት፣ ገንዳህ ሥራ ላይ ነው?”

እንዲህ ሆኖ አራት ቀን ሙሉ በሳህን ማጠቢያው ታጠብኩ። የመጀመሪያውን ቀን ኢንጂነሩንም፣ ያቫንም፣ ዓሣውንም ስረግም ዋልኩ። በሁለተኛው ቀን ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ጋዜጣ ሳነብ፣ ካርፑ ብቅ ብሎ አየኝ። ሪዝና ከባድ አገጭ አለው፤ ፖስታ ቤት ስሠራ የነበሩትን አለቃዬን ቁርጥ። ስለዚህ ክቡር ዳይሬክተር አልኳቸው። በሦስተኛው ቀን የአየር ትንበያውን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። በአራተኛው ቀን ጠዋት “እንደምን አደሩ” ብዬ ስገባ ራሴን ሰማሁት። ሚስቴ ካረፈች ሰባት ዓመት ሆኗል። በሰባት ዓመት ውስጥ በዚያ ቤት ከእኔ ሌላ ነፍስ ያለው ነገር አላደረም ነበር፤ ደስ ብሎኝ እንደነበር ባልናገር ውሸታም እሆናለሁ።

በዋዜማው ቀን ከጠዋት ጀምሮ ከግቢው የሚሰማው የመርገጫው ድምፅ ብቻ ነው። ኢንጂነሩ ይረግጣሉ፣ ያቫ ሁለቴ ትስላለች፣ ዝም ትላለች። እኩለ ቀን ላይ የእንጨት መዶሻ ይዘው ወደ እኔ መጡ። እጃቸው እስከ ክንዳቸው ጥቁር ነው። መዶሻው ለዳይሬክተሩ ነበር። እኔ የመታጠቢያ ቤቱን በር በጀርባዬ ዘጋሁት።

“አይሆንም፣ ኢንጂነር።”

“ምኑ ነው የማይሆነው?”

“ዳይሬክተሩ አይሞቱም።”

አዩኝ። ከዚያ አለፍ ብለው ገቡና ገንዳው ጠርዝ ላይ፣ እኔ በምቀመጥበት ቦታ ተቀመጡ። መዶሻውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። “እውነቱን ልንገርህ፣ ጎረቤት፣” አሉ፣ “ለዛሬ አንድ ሬሳ ይበቃኛል።” የትኛውን ሬሳ ማለታቸው እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ሚላዳ ዓሣው ሲዘገይባት ፈልጋን መጣች። ሁለት ሽማግሌዎች አንድ ካርፕ ከበው ሲተክዙ አገኘችን። ነገሩን ሰምታ ጥቂት አሰበች። ፍሪጅ ውስጥ ሥጋ አለ፣ ጠብሼ ከድንች ሰላጣው ጋር እንበላለን አለች። ግን ይህን ዓሣ እስከ ሞራቫ ወንዝ ማን ያደርሰዋል? ሦስት ኪሎ ሜትር ነው፣ በዋዜማው ከሰዓት አውቶቡስ የለም፣ የእነሱ መኪና የጎን ጋሪው ሲመጣ ተሽጧል፣ እኔ ደግሞ ከብስክሌት በላይ ነድቼ አላውቅም። ማንም ስሟን ሳይጠራ ሦስታችንም በመስኮቱ ወደ ግቢው አየን።

ዳይሬክተሩን ከነውሃቸው በልብስ ማጠቢያ ሳፋ አድርገን ወረድን። ሳፋውን ይዤ ጋሪው ውስጥ፣ የሚላዳ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። በረዶ ይጥላል። ኢንጂነሩ ረገጡ። ያቫ ሳለች። ረገጡ፣ ሳለች። ከፎቅ መስኮቶች ተከፈቱ፤ ጎረቤት ሁሉ የሰላጣ ማንኪያውን እንደያዘ ያያል። አርባኛው ላይ ባርኔጣቸው ወደቀ፤ ሊያነሱት እንኳ አልፈለጉም። አምስት ዓመት እየቀለድኩባቸው ኖሬ፣ ያን ጊዜ ፊታቸውን ማየት አቃተኝ።

ሚላዳ ደረጃው ላይ ሽርጧን እንደታጠቀች ቆማ ነበር።

“ቤንዚን አጠጥተህ አጠጥተህ አስጥመሃታል፣” አለች። “ካንዴላው ረጥቧል፣ እሳት አይሰጥም። ፍታውና ስጠኝ።”

ኢንጂነሩ አፋቸውን ከፍተው አዩዋት። ከዚያ እንደታዘዙት ፈትተው ሰጧት። በሽርጧ ይዛው ገባች። እኔም ሳፋውን ወንበሩ ላይ ትቼ ተከተልኳት፤ የሚሆነውን ማየት ነበረብኝ።

ምድጃዋን ከፈተች። ትሪው ላይ ቫኒላ ቫኒላ የሚሸቱ የጨረቃ ቅርጽ ያላቸው የገና ብስኩቶች ተደርድረዋል። ሁለቱን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ፣ በዘይት የጠቆረውን ካንዴላ መሃላቸው አስቀመጠችና ዘጋችው። ከዚያ ተንበርክካ በመስታወቱ ታየው ጀመር።

“ለዓሣው ብዬ ነው፣” አለችኝ ዞር ሳትል።

“ገብቶኛል፣” አልኳት።

መስታወቱን በሽርጧ ጠረገች። “አምስት ዓመት ሙሉ ከአልጋው ሲነሳ እየዘፈነ ነው የሚነሳው፣ ጎረቤት። ዳቦ ቤት ሳለ አንድ ቀን ዘፍኖ አያውቅም። ቁራሌ ያልኩት እንዲጨርስ ብዬ እንጂ፣ እኔ ምን ልቤ ይችላል?”

ካንዴላው በፎጣ ተጠቅልሎ ወጣ። አንድ ጫፉ ላይ ስኳር ተጣብቆበት ነበር። ኢንጂነሩ ጣታቸውን እየተቃጠሉ አጠበቁትና አንዴ ረገጡ።

ያቫ ተነሳች። ግቢው በሰማያዊ ጭስ ተሞላ፤ ጭሱ ዘይትና ቫኒላ ይሸታል። ከየመስኮቱ የድስት ክዳን ተመታ። ኢንጂነሩ አልጮኹም፣ አልዘለሉም። ባርኔጣቸውን ከበረዶው ላይ አንስተው አራገፉና በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ያዙት። ሚላዳ ጭሱ ዓይኔ ገባ እያለች ፊቷን በፎጣው ጠረገች።

“ተነሳች አይደል? ሂዱ እንግዲህ፣ ሰላጣው ሳይሞቅ ተመለሱ።”

ስለ ጉዞው ብዙ አልናገርም። ፓራፋንጎዎቹ ገና ሞላሰስ ውስጥ ስለሆኑ ከጎማው የሚነሳው በረዶና ጭቃ ሁሉ ያረፈው እኔ ላይ ነው። ከሳፋው የሚፈሰው ደግሞ ሱሪዬ ላይ በረዶ ይሆናል። ኢንጂነሩ የሊጥ መዳመጫቸውን ጨብጠው እየዘፈኑ ነበር፤ በግድግዳው አልፎ ሲመጣ የማውቀውን ዘፈን ለመጀመሪያ ጊዜ ከነቃሉ ሰማሁት። በአደባባዩ ስናልፍ ሰዎች እጅ ነሱን። እኔም ለእያንዳንዳቸው በጭንቅላቴ መለስኩላቸው፤ እጄ ዳይሬክተሩን ይዟል። ወንዙ ዳር ሳፋውን አዘነበልነው። ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ለአፍታ ቆሙ፣ ሪዛቸውን አነቃነቁ፣ ሄዱ። ኢንጂነሩ ትከሻዬን ያዝ አደረጉ።

ማታ በዋዜማው ገበታ ላይ፣ ለማይጠበቅ እንግዳ በሚቀመጠው ትርፍ ሳህን ፊት እኔ ተቀመጥኩ። ከካንዴላው አጠገብ የነበሩትን ሁለት ብስኩቶች ተካፈልን። ዘይት ዘይት ይላሉ። ኢንጂነሩ ማኘካቸውን ጨርሰው ካርቡረተሩ ትንሽ እንደሚቀረውና ሁለት እሁድ እንደሚበቃቸው ገለጹልን፤ ሚላዳም ድንች እየጨመረችላቸው “እሺ” አለች።

በዓሉ ካለፈ በኋላ ገንዳዬን አጥቤ ሙቅ ውሃ ሞላሁና ገባሁበት። አምስት ቀን ሙሉ የተመኘሁት ነገር ነበር። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ግድግዳውም ጸጥ ብሏል፣ ፎቶግራፌም ቀጥ ብሎ ተሰቅሏል። ብዙ አልቆየሁም። ወጣሁ፣ ለበስኩ፣ ውሃውን ደፋሁ፣ ሄጄ በራቸውን አንኳኳሁ።

“ኢንጂነር፣” አልኳቸው፣ “ገንዳዬ ሥራ ፈትቷል። የሚነከር ነገር የለዎትም?”

ዓይናቸው በራ። የጋሪው የብረት አጽም፣ ቴላዮው አለ፣ ሁለት እሁድ ብቻ ነው የሚቆየው አሉኝ። ይኸው ፋሲካ ደረሰ፤ እኔም እስከ ዛሬ በሳህን ማጠቢያው እየታጠብኩ ነው።